የሰማንያው ዋስ

በቅሎዋ በቡሬ መግቢያ ኬላ ላይ የተሰቀለውን የጣሊያን ባንዲራ አየችና ቆመች። ነፋስ ጨርቁን ባራገበው ቁጥር ጆሮዋን ወደ ኋላ እየጣለች ታፈገፍጋለች። ባሻ ላቀው ልጓሙን ጠበቅ አድርገው ይዘው አንገቷን ዳበስ ዳበስ አደረጓት።

«ተይ፣ ተይ። እኛም ገና አልለመድነውም» አሏት።

ኮርቻው ላይ የተቀመጠችው አደይ ሳቀች። ባለፈው መስከረም ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ጋሜዋን ማንኩሳ ካደሩበት ቤት እናቷ በቅቤ አሽታላት ፀሐዩ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። እናቷ ሀብትነሽ ከበቅሎዋ ኋላ በእግሯ ትከተላለች። ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ነጠላዋን ግን ከአሁኑ እንደ ተሟጋች ወገቧ ላይ አደግድጋዋለች።

ከወጀት፣ ኋላ ፍኖተ ሰላም ከተባለችው አገር ከተነሡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። የላህን ወንዝ ሲሻገሩም፣ ማንኩሳ ሲያድሩም፣ ስለ መጡበት ጉዳይ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ኬላው ላይ የቆመው ዘበኛ ዘሩ ነበር። የባሻ ላቀው የአጥቢያ ልጅ ሲሆን አምና ለጣሊያን ገብቶ ባንዳ ሆኗል። አገር ቤት ሳለ ከወሬ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ አሁንም ጠመንጃ ተጨመረለት እንጂ ሥራው ያው ነው።

«ባሻ! እንደምን አደሩ? ይህች በቅሎ መንግሥት ፊት ቀርባ አልተመዘገበችም እንዴ?»

«ዓይነ አፋር ናት፤ ሰው ፊት መቆም አትወድም» አሉት።

ዘሩ ሳቀና ወረቀትና እርሳስ አወጣ። በዚያ ሰሞን ያለ ይለፍ ወረቀት ቡሬ መግባትም መውጣትም የለም። ፊደል የቆጠረው የኔታ ዘንድ ስለ ነበር እያንዳንዷን ፊደል በከንፈሩ እያነበነበ ይጽፋል።

«ባሻ ላቀው አድማሴ… ወይዘሮ ሀብትነሽ…» ቀና ብሎ አያት። «የግራዝማች ክንዱ ባለቤት ልበል፣ ወይስ የነበረች?»

«ስንመለስ ትጽፈዋለህ» አለችው።

«ልጅቱስ?»

«አደይ ክንዱ» አለች ልጅቱ ራሷ፣ ማንም ሳይቀድማት፣ ከበቅሎዋ ላይ ደረቷን ነፍታ።

ዘሩ ጻፈ። አለፉ።

ሀብትነሽ በስምንት ዓመቷ ሰከላ ለሚኖር ሰው ተድራ የነበረች ሴት ናት። ከዚያ ቤት በአሥራ ሦስት ዓመቷ ስታመልጥ ይዛ የመጣችው ነገር ቢኖር የግራ እግሯን መጎተት ብቻ ነው። እንዴት እንደ ሆነ ለእናቷም አልነገረቻቸውም፤ እናቷም አልጠየቋት። ክንዱን ግን ወዳ ነው ያገባችው። ጃንሆይ በነገሡበት ዓመት፣ በጥር፣ ከጭቃ ሹሙ ደጅ ባለው ሾላ ሥር በሰማንያ ተጋቡ። ዋሷ ባሻ ላቀው ነበሩ። ቄሱ «በቁርባን ይሁን» ቢሉም «ቁርባን መፍቻ የለውም፤ አንድ ጊዜ የተጎዳች ልጅ ናት፣ መውጫ በር ይኑራት» ያሉት ባሻ ናቸው። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ቢፋቱ ያላቸውን እኩል ይካፈላሉ፤ ለዚህም ዋሱ ይጠየቃል።

ክንዱ በዚያን ጊዜ ግራዝማች አልነበረም። ሁለት ጥማድ በሬ ያለው፣ ሙግት የሚወድ፣ የሰው ጉዳይ ሳይቀር ለምኖ የሚሟገት ጎልማሳ ነበር። ግራዝማችነቱን የሰጠው ጣሊያን ነው። ክንዱ ለጣሊያን በገባ በወሩ የሀብትነሽ ወንድም ዳኘው ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲያ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት መንግሥት ያድር ጀመር። ወጡ ቀጠነ ተብሎ ይጣላሉ፤ የሚጣሉት ግን ስለ ወጡ አይደለም። በሰኔ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ከነልጅዋ ከቤት አስወጣት። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተላከ፤ ሦስት ጊዜም ከደጅ ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ያለ ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። ነገሩን ያከረረው በጥቅምት የመጣው ወሬ ነበር፦ ክንዱ አደይን ሁለት መቶ ባንዳ ለሚያዝ ለአንድ የሽንዲ ፊታውራሪ ልጅ ሊድራት ቃል ገብቷል። ድግሱ ከፋሲካ በኋላ ነው። ፊታውራሪውም አንድ ነገር ብቻ ጠይቋል፣ ልጅቱ አባቷ በሕግ የታወቀ ልጅ መሆኗን።

በማግሥቱ ሀብትነሽ ባሻ ላቀው ደጅ መጥታ ቆመች። ግቢ ቢሏት አልገባችም።

«ዋሴ ነዎት» አለቻቸው። «ስለ ከብቱ አልመጣሁም። ልጄን ለሽንዲ እንዳይሰጥብኝ ነው። በሰማንያ ያገባኝ ሚስቱ መሆኔን ከመሰከሩልኝ ሽማግሌ ልጄን ለእኔ ይፈርድልኛል።»

«እመሰክራለሁ» አሉ ባሻ። ያሉት ቶሎ ነው። ሰው የሚጸጸትበትን ነገር የሚለው ቶሎ ነው።

ሰማንያ የሚጸናው በመሐላ ነው፤ መሐላውም አንድ ብቻ ነው። ወንዱም ሴቲቱም በሰው ፊት «ጃንሆይ ይሙት» ብለው ይምላሉ። ይህን ስም አንሥቶ መማል ግን ጣሊያን ከልክሏል፤ አዋጁ በየገበያው በነጋሪት ተነግሯል። ባለፈው ወር ማንኩሳ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ በሬ ሲሸጥ፣ ገዢው «ጥርሱ ያለቀ ነው» ቢለው፣ አፉ ለምዶበት «ጃንሆይ ይሙት፣ አምስት ዓመቱ ነው!» አለ። አርባ ጅራፍ ገረፉት፤ በሬውንም ወሰዱት። ባሻ ላቀው ያን ሰው ያውቁታል። በጎኑ እንጂ በጀርባው መተኛት እስከ ዛሬ አልቻለም።

ስለዚህ ባሻ መንገዱን ሁሉ ምስክርነታቸውን በልባቸው ሲያበጁ ነው የመጡት። «ተማምለው ተጋቡ» ልበል? በምን ተማማሉ ይሉኛል። «እንደ አገሩ ልማድ ማሉ» ልበል? ልማዱ ምንድን ነው ይሉኛል። የትም ዞረው የሚደርሱት እዚያው ስም ላይ ነው።

*

ችሎቱ የሚሰየመው ከጣሊያን ምሽግ በታች፣ በዋርካው ጥላ ሥር ነው። ጣሊያኑ ሹም፣ ሕዝቡ ረዚደንቴ የሚለው፣ በሸራ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጥቁር መነጽሩን መስተዋት ይወለውላል። በባልና ሚስት ጉዳይ አይገባም፤ «እንደ አገራችሁ ሕግ ጨርሱ» ብሎ ዳኝነቱን ለሽማግሌው ለአለቃ ክንፈሚካኤል ሰጥቷል። የጃንሆይ ስም የተነሣበትን ጉዳይ ግን ለራሱ ይዟል። በቀኙ ቱርጁማኑ ዑስማን ቆሟል። ዑስማን የቡሬ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጣሊያንኛውን የለመደው ከምጽዋ ጨው ሲያመላልስ ነው። ሹሙ የሚለውን ሁሉ ይተረጉማል፤ የሰማውን ሁሉ ግን እንደማይተረጉም ያገሬው ሰው ያውቃል።

ክንዱ ቀድሞ መጥቷል። በጥቁር በርኖሱ ሥር የጣሊያን ካኪ ለብሷል። አደይ ከሩቅ ስታየው «አባየ!» ብላ ከበቅሎዋ ልትወርድ ተንጠራራች። እሱም ሳያስበው ሁለት እርምጃ ሄደላት። ወዲያው ሰው እያየው መሆኑን አስታወሰና ቆመ። ከኋላው ነጭ በነጭ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሽንዲ የተላከ ነው፣ ፍርዱን ሰምቶ ለፊታውራሪው ሊያደርስ።

ባሻ ልጅቱን አውርደው ከጎናቸው አስቀመጧት።

ክንዱ በርኖሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ፣ በለመደው ድምፅ ጀመረ።

«በልሃ ልበልሃ! የአፄ…» አለና ዋጠው። ረዚደንቴው ቀና አለ። ከሕዝቡ መካከል አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። ክንዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «የመንግሥት ሥርዓቱን፣ ላልሸሽግ እውነቱን!» ብሎ ቀጠለ።

«ይህች ሴት ሚስቱ ነኝ፣ ግማሽ ይድረሰኝ፣ ልጅም ይገባኛል ትላለች። ሚስት በምን ትታወቃለች? በሰማንያ። ሰማንያ በምን ይጸናል? በመሐላ። ይኸው እኔ በመንግሥት ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ በማንም ስም አልማልሁም! ምለሃል የምትል ከሆነ፣ ተጠየቂ! በማን ስም ነው የማልሁት? እሷ ካፈረች ዋስ ነኝ የሚሉት ባሻ ይንገሩን። እኔ የማውቀው ቤቴ በገረድነት መግባቷን ነው። ቀለቧን በልታለች፣ ልብሷን ለብሳለች። ልጅቱም ከእኔ የወለደቻት ናት፣ ከእኔ ትቀራለች። ገረድ ሲያሰናብቷት ግማሽ ቤት ይዛ ትሄዳለች ወይ?»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ክንዱን ከሚጠሉትም ከሚወዱትም መካከል እዚያ ሾላ ሥር የሠርጉን ድግስ የበሉ ሰዎች አሉበት።

«ገረድ ማን ናት?» አለች አደይ፣ ባሻን በክንዳቸው ነቅንቃ።

«ዝም በይ፣ የኔ ልጅ።»

አለቃ ክንፈሚካኤል ዓይናቸው ደክሟል፤ ወደ ድምፅ እንጂ ወደ ሰው አይዞሩም። «የሴቲቱ ዋስ አሉ?» አሉ።

«አለሁ» አሉ ባሻ፤ ተነሡ። በልጅቱ ትከሻ ተደገፉ።

«ባሻ፣ አንቱ የሚያውቁትን ይንገሩን። መሐላ ነበር? ከነበረስ፣ ምን ተብሎ ተማለ?»

ዑስማን ተረጎመ። ረዚደንቴው መነጽሩን አደረገና ባሻን ይመለከት ጀመር።

ባሻ ላቀው ያን የጥር ቀን አዩት። ሀብትነሽ እጇን በእጃቸው ላይ አድርጋ ነበር የማለችው፤ እጇ እንደ በረዶ ነበር፣ ድምፅዋ ግን እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር። ክንዱም ከእሷ የበለጠ ጮኾ ነው የማለው። አዎ፣ ጮኾ ነው የማለው። ይህን መናገር ነው። አፋቸውን ከፈቱ። በከፈቱት አፍ ምን ሊሉ እንደ ነበር ከዚያ ቀን በኋላ ስንት ሌሊት ፈልገው አላገኙትም።

«ባሻ፣ ይቀመጡ» አለች ሀብትነሽ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን ባሻንም ሕዝቡንም አላየችም። ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን የሽንዲውን ሽማግሌ ነበር የምታየው።

«አለቃ፣ ምስክር አያስፈልግም። ግራዝማች ያሉት እውነት ነው። ሰማንያ የለኝም። የማለ የለም፤ ሲማል የሰማም የለም። ገረዳቸው ነበርሁ።»

ክንዱ ለአፍታ ያህል የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ተዘጋጅቶ የመጣው ለሙግት ነበር፤ እንዲህ በአንድ ቃል ይወድቅልኛል ብሎ አላሰበም። ስምንት ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት «አንቱ» ያለችው ዛሬ መሆኑንም ልብ አላለ።

«ልጄ» አሉ አለቃ፣ «ምን እንዳልሽ ታውቂዋለሽ? ግማሹም ይቀርብሻል፤ ስምሽም ይቀርብሻል።»

«አውቃለሁ። ይጻፍልኝ።»

«መጻፉ ምን ያደርግልሻል?»

«ግራዝማች ሙግት ይወዳሉ። ኋላ ሌላ ቃል እንዳያመጡብኝ ይጻፍና ማኅተማቸውን ያድርጉበት።»

«ኧረ ሁለት ማኅተም አደርግልሻለሁ!» አለ ክንዱ፤ ከጓደኞቹ የሳቁም ነበሩ። የችሎቱ ጸሐፊ ጻፈ፦ ሀብትነሽ የክንዱ ሚስት አልነበረችም፤ በመካከላቸው ሰማንያም መሐላም አልነበረም። ክንዱ ጣሊያን የሰጠውን የቀለበት ማኅተም በቀለም ነክሮ አተመ። ሀብትነሽ አውራ ጣቷን ቀብታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ ጠረገች።

«እንግዲህ ቤቴ እንደ መጣሽ ባዶ እጅሽን ሂጂ» አለ ክንዱ። «አደይ፣ ነይ ወደ አባትሽ።»

አደይ ተነሣች። ሀብትነሽ እጇን በልጅቱ ደረት ላይ ዘርግታ አስቆመቻት።

«አለቃ፣ አንድ ሕግ ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂ።»

«በሰማንያ የተወለደን ልጅ አባቱን ማን ያውቀዋል?»

«ሕጉ ያውቀዋል። ባልየው አባት ነው፤ ማንም አይጠየቅም።»

«ያለ ሰማንያ የተወለደንስ?»

አለቃ መልስ ለመስጠት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መልሰው ዘጉት። ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ የደከመ ዓይናቸውን ወደ እሷ ድምፅ አቀኑ። ከሕዝቡ መካከል ነገሩ ቀድሞ የገባቸው ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ «እሰይ» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ያለ ሰማንያ የተወለደ ልጅ አባቱ የሚታወቀው በእናቱ አፍ ነው» አሉ አለቃ። «አባቶቻችን እንዲህ ነው የደነገጉት። እናት ትጠራዋለች፤ የጠራችው አባት ይሆናል።»

«ካልጠራችስ?»

«ካልጠራችው… ልጁ የእናቱ ነው። ሌላ ባለቤት የለውም።»

«እንግዲያው አልጠራም» አለች ሀብትነሽ።

ክንዱ መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ነገሩ ገባው። «አብደሻል?» አለ። «ይህች የእኔ መሆኗን የማያውቅ አለ? መልኳ አይናገርም? አፍንጫዋን እዩት!»

«አፍንጫ አይምልም!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሕዝቡ በሳቅ አወካ።

«ዝም በሉ! አለቃ፣ ይህ ጨዋታ ነው። ልጅቱ የኔ ናት፤ በሰማ…»

«ግራዝማች» አለ ዑስማን፣ በዝግታ፣ እንደ ወዳጅ። «ልተርጉመው ወይስ ልተወው? በሰማንያ ነው ካሉ፣ በማን ስም እንደ ማሉ ይጠይቅዎታል። ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተምም የእርስዎ ነው።»

ረዚደንቴው ሳቁን ሰምቶ «ምንድን ነው?» በሚል ዓይን ዑስማንን አየው፤ በጣቱም ወንበሩን መታ መታ አደረገ። ክንዱ ወረቀቱን አየ። ሹሙን አየ። አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ቅድም የባሻ ላቀው አፍ እንደ ተከፈተው።

«ተወው፣ ምንም አይደለም» አለው ዑስማንን በመጨረሻ።

የሽንዲው ሽማግሌ ከድንጋዩ ላይ ተነሣ። ነጠላውን አራገፈ፤ ለማንም እጅ ሳይነሣ በቅሎውን ወደ አሰረበት ሄደ። አባቷ ያልተጠራ ዲቃላ ለልጄ ትሁንልኝ የሚል ፊታውራሪ የለም።

ሰው መበታተን ሲጀምር ክንዱ ሀብትነሽ ዘንድ ቀርቦ ቆመ። የሙግት ድምፁ ጠፍቷል።

«ዲቃላ አደረግሻት» አላት። «ያውም በሰው ሁሉ ፊት። ታድግና ስትረግምሽ ታያታለሽ።»

«ትርገመኝ» አለች። «ብቻ ትደግ። አድጋ ስትረግመኝ ለመስማት ያብቃኝ።»

*

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ኬላው መለስ አሉ። አደይ በቅሎዋ ላይ ናት። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አየች።

«እምየ፣ አባየ አይመጣም?»

«አይመጣም።»

ባሻ ላቀው ልጓሙን ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱ። ኋላ ግን፣ «ሀብትነሽ» አሉ፣ «ልናገር ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ባሻ።»

ያወቀችው የቱን እንደ ሆነ አልነገረቻቸውም። ሊመሰክሩ እንደ ነበር ነው? ወይስ እንደማይመሰክሩ? ፊቷን አዩት፤ ፊቷ የተቆለፈ ሣጥን ነበር። ከሁለቱ አንዱን መርጠው ሊያምኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

እንደ አገሩ ሥርዓት ባልና ሚስት ፍቺያቸው ሲያልቅ ዋሳቸውን ቆመው ያሰናብቱታል። «ወርዶልሃል» ይሉታል፤ እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ቤቱ ይገባል። ያልተሰናበተ ዋስ እንደ ተጫነ ያደረ አህያ ነው ይባላል።

«እንግዲህ አለቀ አይደል» አሉ ባሻ። «ዋስነቴን አውርጂልኝ።»

«የምን ዋስ?» አለች ሳትቆም። «ያልተጋባ ሰው ዋስ የለውም። እንዲያ ብዬ በጣቴ አትሜ መጣሁ።»

በክፋት አላለችውም። ያለውን ነገር ነው የተናገረችው፤ ለባሻ የከፋውም እሱ ነው። ስምንት ዓመት የተሸከሙትን ሸክም አልነበረም አለቻቸው፤ ያልነበረን ሸክም ደግሞ የሚያወርድ የለም።

ዘሩ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ጠመንጃውን አጥር ላይ አስደግፎ ጠበቃቸው። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል፤ ከፊቱ ያስታውቃል። ወረቀቱን አውጥቶ እያነበነበ አነበበ።

«ባሻ ላቀው አድማሴ። አሉ። ሀብትነሽ። አለች፤ ወይዘሮ የሚለውን እንግዲህ እሰርዘዋለሁ።» ምራቁን እርሳሱ ጫፍ ላይ አስነካና ሰረዘው። «አደይ ክንዱ። ይህች ደግሞ የለችም ተብሏል። የገባችው አደይ ክንዱ፣ የምትወጣው ሌላ። ስምና ሰው ካልተመሳሰለ አላሳልፍም፣ ትእዛዝ ነው። አደይ ማን ልበል?»

ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቃል ያላጣች ሴት አሁን አጣች። የወንድሟን ስም ብትጠራ የሽፍታ ዘመድ ተብላ እዚያው ትቀራለች። አባቷ ልጅነቷን ለሰከላው ሰው የሸጡባት ናቸው፤ ስማቸው ከአፏ አይወጣም። አደይ እንደ ጧቱ ልትመልስ ደረቷን ነፋች፤ እናቷን አየችና የነፋችውን ትንፋሽ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«አባት የሌለው ሰው ወረቀት ላይ አይጻፍም» አለ ዘሩ፤ ጨዋታው ጥሞታል። «እዚሁ እናሳድራት እንዴ?»

«አደይ ላቀው» አሉ ባሻ።

እርሳሱ ቆመ።

«ምን አሉ?»

«ሰምተሃል። አደይ ላቀው በል፣ ጻፍ።»

ዘሩ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ሀብትነሽን አየ። ፊቱ ላይ ፈገግታ እንደ ዘይት ተስፋፋ። እንዲህ ያለ ወሬ በዕድሜው አላገኘም። «አደይ… ላቀው» ብሎ እያንዳንዷን ፊደል እያጣጣመ ጻፈ። «እትየ ደስታነሽ ይህን ያውቃሉ፣ ባሻ?»

ደስታነሽ የባሻ ባለቤት ናቸው፤ አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል፣ በቁርባን። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ቤት እንደሚደርስ ባሻ ያውቃሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወንዶቹ መንገድ እየለቀቁ፣ ከኋላ እንደሚሳሳቁባቸው ያውቃሉ። ደስታነሽ ምን እንደሚሉ ግን አያውቁም። ዝም ይሉ ይሆናል። ከዝምታው የሚብስ የለም።

«አንተ ጽፈሃል?» አሉት።

«ጽፌአለሁ።»

«እንግዲያው መንገድ ልቀቅ።»

ኬላው ከዓይን ተሰወረ። አንድ ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ ሀብትነሽ ቆመች። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ፣ በትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ሰው ፊት እንደሚቆም ሰው በባሻ ፊት ቆመች።

«ምነው ባሻ፣ በስተርጅና?»

«ጧት የቀረብኝን ቃል ነው» አሉ። «ቦታው ባይሆንም።»

ሀብትነሽ ራሷን ነቀነቀች። ላመስግን አላለችም፤ እሳቸውም አልጠበቁም። እሳቸው ቤት ሲገቡ ለደስታነሽ የሚከፍሉት፣ እሷም ለአገሩ ሁሉ የምትከፍለው ዕዳ በመካከላቸው ቆሟል፤ ምስጋና እዚያ ላይ ቢጨመር የሚያቀለው ነገር አልነበረም።

«ወርዶልዎታል» አለቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ባሻ።

ምንም የወረደ ነገር ግን አልተሰማቸውም። ልጓሙን አንሥተው ወደ ማንኩሳ መንገዱን ያዙ። ከኋላቸው የሀብትነሽ ግራ እግር አቧራውን እየጎተተ ይሰማቸዋል። በቅሎዋ ላይ ልጅቱ አዲሱን ስሟን በለሆሳስ ትሞክረው ጀመር፦ አደይ ላቀው፣ አደይ ላቀው። ሦስተኛው ላይ ተወችው።